ከሊቀ ጳጳሱ ደጅ ወደ ሕዝብ መድረክ፦ የሞዛርት የነፃ ሙዚቀኛነት ዐሥር ዓመታት (1781–1791)

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ የአንድ የሙዚቃ ደራሲ ኑሮ በአብዛኛው በቤተ መንግሥት ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ የቆመ ነበር። ደራሲው ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ ምን እንደሚጽፍ፣ የትና መቼ እንደሚጫወት የሚወስነው ግን ቀጣሪው ነው። ዎልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት ከዚህ ሥርዐት በገዛ ፈቃዱ ከወጡት ቀደምት ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ ነው። ስለ እርሱ በሚነገረው ታሪክ የሕፃንነት ተሰጥኦውና ያለ ዕድሜው መቀጨቱ ጎልተው ይወሳሉ። ይህ ጽሑፍ ትኩረቱን በሁለቱ መካከል ወዳለው ጉዳይ በማድረግ፣ ሞዛርት ያለ ቋሚ ጌታ ለመኖር የመረጠው መንገድ በድርሰቶቹ ዕድገት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ሞዛርት ጃንዋሪ 27 ቀን 1756 በሳልዝቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሊዮፖልድ በከተማይቱ ገዥ ሊቀ ጳጳስ ቤተ መንግሥት የሚያገለግል ሙዚቀኛና የቫዮሊን መምህር ነበር። ከ1763 እስከ 1766 ቤተሰቡ ባደረገው ረጅም ጉዞ ሕፃኑ በፓሪስና በለንደን በነገሥታት ፊት ተጫውቷል፤ በለንደንም ከዮሐን ክርስቲያን ባኽ ጋር ተዋውቆ ከእርሱ ሥራዎች ብዙ ቀስሟል። ከዚህ ሁሉ ክብር በኋላ በ1772 በትውልድ ከተማው የተቆረጠለት ደመወዝ በዓመት 150 ጉልደን ብቻ ነበር። በ1777 ሥራውን ለቅቆ ከእናቱ ጋር ወደ ማንሃይምና ወደ ፓሪስ ቢሄድም የተመኘውን ሹመት አላገኘም። እናቱ በጁላይ 1778 ፓሪስ ላይ ዐረፈች። በ1779 ወደ ሳልዝቡርግ ተመልሶ በ450 ጉልደን የቤተ መንግሥቱ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። ይህ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሞዛርት ከአንዱ ጌታ የወጣው ሌላ ጌታ ፍለጋ ነበር።

ቁርጡ የለየው በ1781 ነው። ኢዶሜኔዎ የተሰኘው ኦፔራው በጃንዋሪ ወር ሙኒክ ላይ ከታየ በኋላ፣ ሊቀ ጳጳስ ኮሎሬዶ ወደ ቪየና ጠራው። በዚያም ከሎሌዎችና ከወጥ ቤቶች ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጥ ነበር፤ ለራሱ ገቢ ሊያስገኙለት የሚችሉ ኮንሰርቶችንም ተከለከለ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በጁን ወር የሊቀ ጳጳሱ ሹም ካውንት አርኮ በእርግጫ አስወጣው። አባቱ ውሳኔውን አጥብቆ ቢቃወምም ሞዛርት በቪየና ቀረ።

በቪየና የሞዛርት ገቢ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ አልነበረም። ፒያኖ ያስተምራል፣ ድርሰቶቹን ለአሳታሚዎች ይሸጣል፣ ኦፔራ በትእዛዝ ይጽፋል፣ አድማጮች አስቀድመው ተመዝግበው የሚከፍሉባቸውን ኮንሰርቶችም ያዘጋጃል። በማርች 1784 ለሦስት ኮንሰርቶች የተመዘገቡለት ሰዎች 174 ነበሩ። በዚያው ዓመት ድርሰቶቹን በቀን ቅደም ተከተል የሚያሰፍርበት የግል መዝገብ ጀመረ፤ ስድስት የፒያኖ ኮንሰርቶዎችንም ጻፈ። የኮንሰርቶው መብዛት ከአኗኗሩ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ደራሲውና ዋናው ተጫዋች አንድ ሰው የሚሆኑበት ይህ የድርሰት ዓይነት በመድረክ ለሚተዳደር ፒያኖ ተጫዋች ከሁሉ የላቀ ሀብት ነበር።

የገበያው ተጽዕኖ በኖታዎቹ ውስጥም ይታያል። በ1782 እና በ1783 የጻፋቸው ሦስት ኮንሰርቶዎች ያለ ትንፋሽ መሣሪያዎች፣ በክር መሣሪያዎች ብቻም መጫወት እንዲቻል ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው፤ ስለዚህ በየቤቱ ለሚጫወቱ ገዢዎች ይመቹ ነበር። ከ1784 ጀምሮ ግን ሞዛርት የሚጽፈው ራሱ ለሚመራው መድረክ ነው፤ ትንፋሽ መሣሪያዎቹም ከአጃቢነት ወጥተው ከፒያኖው ጋር የሚነጋገሩ ድምፆች ሆኑ። በ1785 መጀመሪያ የቀረበው በዲ ማይነር የተጻፈው ኮንሰርቶ ደግሞ ከመዝናኛነት የዘለለ ውጥረት ለአድማጩ አሰማ። ከ1782 እስከ 1785 የደከመባቸውና ለሃይድን ያበረከታቸው ስድስት የክር ኳርቴቶች ማንም ያላዘዛቸው ናቸው። የዕለት ገቢ የሚያመጣ ሥራ እየተሻማው ለእነዚህ ዓመታትን መስጠቱ፣ ነፃነቱን ለትምህርትም እንደተጠቀመበት ያስረዳል።

ይህ ኑሮ ግን ዋስትና አልነበረውም። ከ1786 በኋላ በቪየና የሚያቀርባቸው ኮንሰርቶች ቀነሱ፤ በ1788 ኦስትሪያ ከቱርክ ጋር ጦርነት ስትገባ የመኳንንቱ ወጪም ተገታ። በ1787 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በ800 ጉልደን የቤተ መንግሥት ደራሲ አድርጎ ቢሾመውም፣ ከእርሱ በፊት በቦታው የነበረው ግሉክ 2000 ጉልደን ይከፈለው ነበር። ሞዛርት ከነጋዴው ከፑኽበርግ ደጋግሞ ተበደረ። በ1789 ለአዲስ ኮንሰርት ያዞረው የምዝገባ ዝርዝር የአንድ ሰው ስም ብቻ ይዞ ተመለሰ፤ የባሮን ፋን ስዊተንን። ከአምስት ዓመት በፊት ከነበሩት 174 ስሞች ጋር ሲነጻጸር የገበያው መለዋወጥ ምን ያህል እንደነበር ይታያል።

በሴፕቴምበር 30 ቀን 1791 አስማተኛው ዋሽንት የተሰኘው ኦፔራ በቪየና ዳርቻ በሚገኝ የግል ቴአትር ቤት ታየ። ቋንቋው ጀርመንኛ፣ ታዳሚውም ከተለያየ መደብ የመጣ ሕዝብ ነበር፤ አቀባበሉም የሞቀ ሆነ። ሞዛርት ግን በዲሴምበር 5 ቀን፣ በ35 ዓመቱ፣ በትእዛዝ የጀመረውን የሙታን ቅዳሴ ሳይፈጽም ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ድምዳሜ ነፃነት ከሰው ጥገኝነት ፈጽሞ መላቀቅ አለመሆኑን ነው። ሞዛርት በአንድ ጌታ ምትክ ብዙ ደንበኞችን ተካ፤ ደንበኞቹ ሲበዙ ድርሰቱ ሰፋ፣ ሲሸሹ ደግሞ ኑሮው ተናጋ። የእርሱን ጥበባዊ ዕድገት የሚያጠና ሰው ስለዚህ የምዝገባ ዝርዝሩንና የዕዳ ደብዳቤዎቹን ከኖታው ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ይኖርበታል።