ከድንጋይ ከሰል ምርምር እስከ እናቶች ክሊኒክ፦ የዶክተር ሜሪ ስቶፕስ ሕይወትና ሥራ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ ስቶፕስ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ከተሞች ለብዙ ዓመታት የታወቀው በክሊኒክ ደጃፍ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ነው። የስሙ ባለቤት ግን ሐኪም አልነበሩም። ሙያቸው የጥንት ዕፅዋትን ቅሪት መመርመር ሲሆን፣ የድንጋይ ከሰል ከምን ከምን እንደ ተሠራ በማጥናት ያበረከቱት ሥራ በመስኩ ባለሙያዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኚህ የከሰል ተመራማሪ የወሊድ መቆጣጠሪያ አገልግሎትን ለድኻ እናቶች በማዳረስ ረገድ ግንባር ቀደም የሆኑበት ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ስለ በጎ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ጥፋታቸውም ጭምር ነው።

ሜሪ ካርማይክል ስቶፕስ ኦክቶበር 15 ቀን 1880 በስኮትላንድ ርእሰ ከተማ በኤዲንብራ ተወለዱ። አባታቸው ሄንሪ ስቶፕስ የቢራ ፋብሪካ መሐንዲስና የጥንት ድንጋይ መሣሪያዎች ሰብሳቢ፣ እናታቸው ሻርሎት ካርማይክል ስቶፕስ ደግሞ የሼክስፒር ሥራዎች ተመራማሪና ስለ ሴቶች መብት የታገሉ ምሁር ነበሩ። ሜሪ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው በ1902 በዕፅዋት ጥናትና በሥነ ምድር በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በ1904 ከጀርመን አገር ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መምህርነት ሥራ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ከ1907 እስከ 1909 ባለው ጊዜ በጃፓን ተቀምጠው በሆካይዶ ደሴት የከሰል ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የጥንት ዕፅዋትን ቅሪት ሲፈልጉ ቆዩ። በ1919 ደግሞ አንድ ወጥ የሚመስለው ድንጋይ ከሰል በዓይን ሊለዩ ከሚችሉ አራት ዓይነት ክፍሎች የተነባበረ መሆኑን ገልጸው ቪትሬይን፣ ክላሬይን፣ ዱሬይንና ፉሴይን የሚል ስም ሰጧቸው። አንዱ ብሩህና ተሰባሪ፣ አንዱ ደብዛዛና ጠንካራ፣ ሌላው እንደ ከሰል ብናኝ እጅ የሚያጠቁር በመሆኑ፣ ልዩነታቸውን ማወቅ ከሰልን ለሚያወጣም ሆነ ለሚያነድ ባለሙያ ጠቃሚ ነበር።

ዶክተር ስቶፕስን ከዚህ ሥራ ወደ ሌላ መስክ የመራቸው የገዛ ትዳራቸው ነው። በ1911 አንድ የዕፅዋት ሊቅ አግብተው ነበር፤ ሆኖም የባልና ሚስት ግንኙነት ያልተፈጸመበት ጋብቻ መሆኑን ለፍርድ ቤት አመልክተው ጋብቻው ፈረሰ። ይህ ያህል የተማሩ ሰው ስለ ገዛ አካላቸው ሳያውቁ ማግባታቸው ስለ ትዳር ዕውቀት የሚሰጥ መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ አነሣሣቸው። አሳታሚዎች ግን የመጽሐፉን ይዘት ፈርተው እንቢ አሉ። በመጨረሻ የማሳተሚያውን ገንዘብ የሰጡት ከወንድማቸው ጋር የአውሮፕላን ፋብሪካ ያቋቋሙት ሃምፍሪ ቨርደን ሮው ናቸው። የጋብቻ ፍቅር የሚል ትርጉም ያለው ይህ መጽሐፍ በ1918 ታትሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ 2,000 ቅጂ ተሸጠ። ሁለቱም በዚያው ዓመት ተጋቡ።

መጽሐፉን ተከትሎ ከየአቅጣጫው የደብዳቤ ጎርፍ መጣ። ጸሐፊዎቹ የሚጠይቁት በአብዛኛው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም በየዓመቱ ከመውለድ እንዴት ማረፍ እንደሚቻል ነው። በዚያን ዘመን በብሪታንያ እርግዝናን መከላከል በሕግ የተከለከለ ባይሆንም ስለ እሱ መናገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ገንዘብ ያላት ሴት የግል ሐኪሟን በምስጢር ልትጠይቅ ትችላለች። የሠራተኛ ሚስት ግን ምክር የምታገኝበት የመንግሥት ቦታ አልነበራትም። በ1922 በለንደን አጠገብ በኤድመንተን ወረዳ አንዲት የጤና ጎብኚ ነርስ ለእናቶች ይህን ምክር በመስጠቷ ከሥራዋ ተባርራለች። እንግዲህ ዕውቀቱ ነበረ፤ የተዘጋው ድኻ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ችግሩ በመጽሐፍ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። ዶክተር ስቶፕስ የመረጡት መከላከያ የማኅፀንን አፍ የሚሸፍን ትንሽ የጎማ ቆብ ነበር። ቆቡ በየሴቲቱ ልክ መመረጥ ስላለበትና አጠቃቀሙንም በተግባር ማሳየት ስለሚያስፈልግ፣ የሠለጠነ እጅና የተዘጋጀ ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ማርች 17 ቀን 1921 በሰሜን ለንደን በሆሎወይ ሰፈር የእናቶች ክሊኒክ ከፈቱ። በብሪታንያ የዚህ ዓይነት ክሊኒክ ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። ላገቡ ሴቶች ምርመራና ምክር ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያከናውኑት አዋላጅ ነርሶች ሲሆኑ፣ ሐኪም የሚጠራው አስቸጋሪ ሁኔታ ሲያጋጥም ብቻ ነው። ይህ አሠራር ወጪውን ከመቀነሱም በላይ እናቶቹ ሳያፍሩ እንዲናገሩ ረድቷል። በ1925 የመጀመሪያዎቹ 5,000 ባለጉዳዮች መዝገብ ተጠናቅሮ ታተመ። በኋላም በፈረስ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ወደ ገጠርና ወደ ኢንዱስትሪ ከተሞች ተላከ፤ ከእነዚህም አንዱ በ1928 በብራድፎርድ ከተማ በተቃዋሚ እጅ ተቃጠለ።

ተቃውሞው ከሃይማኖት ሰዎችም ከሐኪሞችም የመጣ ነበር። ካቶሊካዊው ሐኪም ሃሊደይ ሰዘርላንድ በ1922 ባሳተሙት መጽሐፍ ክሊኒኩ በድኾች ላይ ሙከራ እንደሚያካሂድ አድርገው ስለ ጻፉ፣ ዶክተር ስቶፕስ በስም ማጥፋት ከሰሷቸው። በ1923 የተጀመረው ክርክር በይግባኝ አንድ ጊዜ ለከሳሽ ከተፈረደ በኋላ፣ በ1924 በጌቶች ምክር ቤት ለተከሳሽ ተወሰነ። ዶክተር ስቶፕስ ተረቱ፤ ብዙ ገንዘብም አጡ። ነገር ግን ክርክሩ በየጋዜጣው ስለ ወጣ፣ ቀድሞ በሹክሹክታ የሚነገረው ጉዳይ የአደባባይ ወሬ ሆነ። በ1930 የጤና ሚኒስቴር፣ ተጨማሪ እርግዝና ጤናቸውን ለሚጎዳ ያገቡ ሴቶች በአካባቢ አስተዳደር ክሊኒኮች ምክር እንዲሰጥ ፈቀደ። ፈቃዱ ጠባብ ቢሆንም የመንግሥት በር ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። አገልግሎቱ በብሪታንያ ለሁሉም በነጻ የተዳረሰው ግን በ1974 ነው።

የዶክተር ስቶፕስ ሌላው ገጽታ ሊሸፈን አይገባም። የሰውን ዘር በመምረጥ ማሻሻል ይቻላል የሚለው የኢዩጄኒክስ አስተሳሰብ ጽኑ ተከታይ ነበሩ። በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለወላጅነት አይበቁም የሚሏቸው ሰዎች በሕግ ተገድደው እንዲመክኑ ጠይቀዋል። በገዛ ቤታቸውም ይህንኑ ሚዛን ተጠቀሙ። አንድ ልጃቸው በ1948 የታዋቂውን መሐንዲስ የባርንስ ዋሊስን ልጅ ሲያገባ፣ ሙሽራዋ መነጽር የምታደርግ በመሆኗ የዘራቸውን ጥራት ታበላሻለች ብለው ተቃወሙ፤ ልጃቸውንም ከዋናው ውርሳቸው ነቀሉት። በአንድ በኩል እናት በገዛ ማኅፀኗ ላይ እንድትወስን ታገሉ፤ በሌላ በኩል የመውለድን መብት ከሌሎች ሊነጥቁ ፈለጉ። ሁለቱ አሳቦች ሊታረቁ የሚችሉ አይደሉም።

ዶክተር ስቶፕስ ኦክቶበር 2 ቀን 1958 በጡት ካንሰር ታምመው በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። ክሊኒካቸው ከገንዘብ ችግር ላይ ወድቆ ሳለ በ1976 በአዲስ ድርጅት እጅ ገብቶ ሥራውን ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፋ። ድርጅቱ በስማቸው እየተጠራ በ1990 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በ2020 ደግሞ በኢዩጄኒክስ አቋማቸው ምክንያት ስማቸውን ከመጠሪያው አወጣ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ መስኩን ባዶ አላገኘውም፤ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ ይሠራ ነበርና። በኢትዮጵያ በዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ብዛት በ2000 ከመቶ 6 እንደ ነበረና በ2019 ወደ 41 ከፍ እንዳለ የሕዝብ ጤና ጥናቶች ያመለክታሉ። ለዚህ እድገት ትልቅ ድርሻ ያላቸው ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የሠለጠነች ሴት ለሴት በቅርብ ብታገለግል ሐኪም የማይደርስበት ሥራ ይሠራል የሚለው አሳብ በሆሎወይ የተሞከረው ነው። ከሜሪ ስቶፕስ ሥራ ሊወረስ የሚገባው ይኸው የአገልግሎት አሰጣጥ ነው። ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ የሚለው ፍርዳቸው ግን ሊወረስ አይገባም፤ ውሳኔው የእናቲቱ ነውና።