ካባውን በሁለት ጠቦቶች የለወጠ ቅዱስ

በቁምስናዎቻችን የሚገኙት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ሥዕሎች ወፎች በትከሻው ላይ ሲያርፉ፣ ተኩላም በእግሩ ሥር ሲተኛ ያሳዩናል። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፤ ሆኖም ቅዱሱ በእንስሳት የተደሰተ እንጂ ስለ እነርሱ ዋጋ የከፈለ መሆኑን አይነግሩንም።

ፍራንቸስኮስ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1181 ወይም በ1182 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በአሲዚ ከተማ ከአንድ ባለጸጋ የጨርቅ ነጋዴ ተወለደ። በ1202 ከፔሩጂያ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ ታሰረ፤ በ1206 በጳጳሱ ፊት የለበሰውን ልብስ ሳይቀር ለአባቱ መልሶ ድህነትን መረጠ፤ በ1209 ር.ሊ.ጳ. ኢኖሰንት 3ኛ የእርሱንና የወንድሞቹን አኗኗር በቃል አጸደቁ።

የመጀመሪያውን ገድሉን የጻፈው ቶማስ ዘቼላኖ እንደሚተርከው፣ ቅዱሱ በአንኮና አውራጃ ሲጓዝ ሁለት ጠቦቶችን አስሮ በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው አገኘ። ጠቦቶቹ ይጮኹ ነበርና ቀርቦ ዳሰሳቸው፤ ስለ ምን እንደሚያሠቃያቸውም ጠየቀው። ሰውዬው ገንዘብ ስለ ቸገረው ሊሸጣቸው እንደሚሄድ፣ የገዛቸውም እንደሚያርዳቸው ነገረው። ፍራንቸስኮስ በዚያው ቀን ከብርድ እንዲጠለልበት አንድ ምእመን ያዋሰውን ካባ አውልቆ ሰጠና ጠቦቶቹን ተቀበለ። (የተዋሱትን ልብስ አሳልፎ መስጠቱን ለሕፃናት ማስረዳት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ሳያስቸግር አይቀርም።) ካባው ከጠቦቶቹ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ነበረው፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ወዲያው ግን ሌላ ጭንቀት መጣ፤ ምንም የሌለው ሰው ጠቦቶችን በምን ይመግባል? ከወንድሙ ጋር ተማክሮ ለዚያው ሰው መልሶ ሰጣቸው፤ እንዳይሸጣቸው፣ ጉዳትም እንዳያደርስባቸው፣ መግቦ እንዲጠብቃቸው አዘዘው። ከታሪኩ ሁሉ እኛ ይህን ክፍል አብልጠን እንወዳለን። ጠቦቶቹን ከማዳን አልፎ ነጋዴውን ጠባቂ አደረገው።

በኦሲሞ አጠገብም በፍየሎች መካከል ብቻዋን የምትሄድ በግ አይቶ አዘነላት፤ የሚገዛበት ስላልነበረው አንድ መንገደኛ ነጋዴ ከፈለለት። በጊቱን የተቀበሉት የሳን ሰቨሪኖ ደናግል ከጠጉሯ ልብስ ሠርተው ላኩለት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥጋ መብላትን አልከለከለም፤ የማኅበሩ ደንብ ወንድሞች የቀረበላቸውን እንዲበሉ ይፈቅዳል። የፈለገው ምሕረትን ነው፤ ያም በሕግ እንዲደነገግ ተመኝቷል። ንጉሠ ነገሥቱን የሚያገኝ ቢሆን፣ በልደት በዓል ሰዎች ለወፎች እህል በየመንገዱ እንዲበትኑ፣ ለበሬና ለአህያም መኖ አትረፍርፈው እንዲሰጡ አዋጅ እንዲያወጣ ሊለምነው ያስብ ነበር። ስለ እንስሳት ከነገሥታት ጋር መሟገት ለቅዱስ አይገባም የሚል ካለ፣ ይህን ያስብ።

ፍራንቸስኮስ ኦክቶበር 3 ቀን 1226 ዓ.ም. ዐረፈ። በ1931 በፍሎረንስ የተሰበሰቡ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበራት በዓሉን፣ ኦክቶበር 4 ቀንን፣ የእንስሳት ቀን ብለው መረጡ፤ በ1979 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚደክሙ ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰየሙት። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እርሱን እያስታወሰ እንስሳትን ያለ ምክንያት ማሠቃየት የሰውን ክብር እንደሚቃረን ያስተምራል። ያው መጽሐፍ በቅድሚያ ለችግረኛ ሰው የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል እንደማይገባም ያሳስባል።

ስለዚህ ሰው እየተራበ ስለ አህያ ማሰብ ምን ይረባል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ የእናቶችን ውኃ፣ እንጨትና እህል የሚሸከመው ይኸው እንስሳ ነው። ጀርባው ገጣባ ሆኖ ከሥራ የዋለ ዕለት ሸክሙ በእናቲቱ ጀርባ ላይ ይወድቃል። የጋማ ከብትን በነጻ ሲያክሙ የቆዩ በጎ አድራጊ ማኅበራትም ቁስሉን አጥበው አህያውን ለባለቤቱ ሲመልሱ፣ ለስላሳ መደላድል እንዴት እንደሚሠራና ሸክም እንዴት እንደሚመጠን ያስተምሩታል፤ የአንኮናውን መንገድ ያስታውሰናል። እንዲህ ያለውን ሥራ በገንዘብም በጉልበትም መርዳት እንችላለን። ቁምስናዎቻችን መስከረም 24 ቀን በዓሉን ሲያከብሩ ከመባው ጥቂቱን ለዚህ ቢመድቡ፣ በገበያ ቀንም የእንስሳት ሐኪም ወደ ቅጥር ግቢያቸው ቢጋብዙ፣ ከሩቅ ተጭነው ለሚመጡት ከብቶችም በበሩ አጠገብ የውኃ ገንዳ ቢያኖሩ መልካም ጅማሬ ይሆናል።