ጄምስ ጁል እና የዲግሪ ሲሶ፦ ሥራን በሙቀት የመለካት ሙከራ

ዛሬ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሥራ በጁል፣ በአንድ ሰከንድ የሚከናወነው ሥራ ማለትም ኃይል ደግሞ በዋት ይለካል። ለመጀመሪያው መለኪያ ስሙን የሰጠው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል ግን የዩኒቨርሲቲ ወንበር ይዞ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1818 በማንችስተር አጠገብ በምትገኘው ሳልፎርድ ከባለጸጋ ቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ተወለደ፤ በወጣትነቱም ከወንድሙ ጋር በጆን ዳልተን ዘንድ ተማረ።

የምርምሩ መነሻ የነጋዴ ጥያቄ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር በቢራ ፋብሪካው የእንፋሎቱን ሞተር ሊተካ ይችል እንደሆነ ሲመረምር፣ በባትሪ ውስጥ የሚያልቀው ዚንክ ከድንጋይ ከሰል እጅግ የበለጠ ወጪ እንደሚጠይቅ ተረዳ። ሆኖም ሽቦው ለምን እንደሚሞቅ የሚለው ጥያቄ አልለቀቀውም። ሙቀት የማይጠፋና የማይፈጠር ፈሳሽ ነው የሚለው እምነት በጸናበት ዘመን፣ ሥራ ራሱ ሙቀት ይሆናል ብሎ መከራከር ቀላል አልነበረም። በ1843 በኮርክ ጉባኤ ውጤቱን ሲያቀርብ የጠበቀው ዝምታ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሮያል ሶሳይቲ ሌላ ጽሑፉን ሳይቀበለው ቀረ። በ1847 በኦክስፎርድ ጉባኤም አሳጥሮ እንዲናገር ተነገረው። ከአድማጮቹ መካከል ወጣቱ ዊልያም ቶምሰን ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ በዚያው ሳይድበሰበስ አይቀርም ነበር። ቶምሰንም ቢሆን ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ዓመታት ወስዶበታል።

በ1850 የታተመው ሙከራ በመሣሪያ ረገድ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 13 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሁለት የእርሳስ ክብደቶች 1.6 ሜትር ያህል እየወረዱ፣ በመዳብ ዕቃ ውስጥ ባለ ውኃ ውስጥ መቅዘፊያ ያሽከረክራሉ። ክብደቶቹ 20 ጊዜ ከወረዱ በኋላ የውኃው ሙቀት የጨመረው በሴልሺየስ አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር። ክርክሩ ሁሉ በዚህ ሲሶ ላይ ቆመ። ስለዚህ ጁል የተመልካቹ የሰውነት ሙቀት እንዳይደርስበት መሣሪያውን በእንጨት ጋረደ፤ ከክፍሉ አየር የሚገባውንና የሚወጣውን ሙቀት ለማወቅም መቅዘፊያው ቆሞ ሳለ ለየብቻው ለካ። የመዘውሮቹን ሰበቃ፣ ክብደቶቹ ወለሉን ሲመቱ የሚባክነውን ጭምር ከሒሳቡ ቀነሰ። ክብደቶቹ በሰከንድ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወርዱ ስለነበር ይህ የመጨረሻው ብክነት እጅግ አነስተኛ ነው፤ በዛሬው መለኪያ ሲሰላ በመውረድ ላይ የነበረው ኃይል 16 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ከአንድ ደካማ አምፖል የማይበልጥ። አንድ ፓውንድ ውኃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ 772 ፉት ፓውንድ ሥራ እንደሚያስፈልግ ደመደመ፤ ይህም በካሎሪ 4.15 ጁል ያህል ሲሆን ከዛሬው 4.19 የሚርቀው በመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሰበቃ ማለት ሥራ ወደ ሙቀት መለወጡ ነው የሚለው ድምዳሜው ግን በገምጋሚዎቹ ፍላጎት ከጽሑፉ ወጣ። ቁጥሩን ተቀብሎ ትርጉሙን መተው እንግዳ ውሳኔ ነበር።

ባለቤቱ አሚሊያ በ1854 ዐረፈች፤ የቢራው ፋብሪካም በዚያው ጊዜ አካባቢ ተሸጠ። በ1870 የኮፕሊ ሜዳልያን ተቀበለ። በ1889 በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ጉባኤ ጁልንና ዋትን በመለኪያነት አጸደቀ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 በሴል ከተማ ሞተ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በ1878 ያረመው ቁጥር፣ 772.55፣ ተቀርጿል።