ከአንድ ገበቴ የበሉት አባ ዳሚየን

ቤልጅጋዊው ካቶሊክ ቄስ አባ ዳሚየን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ተለይተው ወደሚኖሩባት ወደ ሞሎካይ ደሴት ሲገቡ 33 ዓመታቸው ነበር። ደሴቲቱ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ናት።

የአገሩ ሰው ምግብ ፖይ ይባላል፤ ይኸውም በደቡብ አገራችን ጎደሬ የምንለው ሥር ተቀቅሎና ተወቅጦ፣ በውሃ ከተለወሰ በኋላ ሲሰነብት የሚኮመጥጥ ነው። ለእንግዳ አፍ ቶሎ አይጥምም፤ የሚበላውም በጣት ነው። ከቁስሉ ሽታ የተነሣ ፒፓ ማጨስ የጀመሩት እኒህ ቄስ፣ ከሕመምተኞቹ ጋር እጃቸውን ወደ አንድ ገበቴ ይሰዱ ነበር። አብሮ መቁረስን እምቢ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚያስቀይም እኛ አናጣውም፤ አባ ዳሚየንም ይህን የተረዱት ይመስለናል።

በ1884 ማለቂያ እግራቸውን በፈላ ውሃ ሲነክሩ ማቃጠሉ አልተሰማቸውም። በ1886 ለሕክምና ሆኖሉሉ ደርሰው ተመለሱ፤ በ1889 በ49 ዓመታቸው እዚያው ሞሎካይ ዐረፉ።