ወለተ ጴጥሮስ

ወለተ ጴጥሮስ (1592 – 1642 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅድስትነት የሚታሰቡ መነኩሲት ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉበት ዘመን ለቀደመው እምነት ቆመው ተከራክረዋል፤ ተሰደዋል፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያም የመነኮሳት ማኅበራትን መሥርተዋል። ከዚያ በፊት ግን ባለትዳር ነበሩ። ሦስት ልጆች ወልደው ቀብረዋል፤ በ25 ዓመታቸው ገደማ ባላቸውን ትተው መንኩሰዋል። ከመነኮሱ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ያልተለዩዋቸው ሰው እንደ እርሳቸው ትዳር ትተው የወጡት እኅተ ክርስቶስ ናቸው። የሁለቱ ሴቶች ቁርኝት ምን ዓይነት ነበር የሚለው ጥያቄ ከ2014 ወዲህ በተመራማሪዎችና በምእመናን መካከል ከባድ ክርክር አስነሥቷል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

ትውልድና ትዳር

አባታቸው ባሕር ሰገድ፣ እናታቸው ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ቤተሰቡ ከመኳንንት ወገን ሲሆን የአባታቸውም የወንድሞቻቸውም ኑሮ ከቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነበር። በዘመኑ ልማድ ወለተ ጴጥሮስ ገና በወጣትነታቸው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳሩ። መልክአ ክርስቶስ ተራ ሰው አልነበሩም፤ ከዐፄ ሱስንዮስ የቅርብ አማካሪዎችና የጦር አዛዦች አንዱ ነበሩ።

በትዳሩ የተወለዱት ሦስት ልጆች ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ገድላቸው ይህን የሚያቀርበው ለዛሬ አንባቢ በሚከብድ መንገድ ነው። እናቲቱ ልጆቹ አድገው እግዚአብሔርን የማያስደስቱ ከሆነ በሕፃንነታቸው እንዲወስዳቸው ይጸልዩ ነበር ይላል። ያም ሆነ ይህ ከልጆቹ ሞት በኋላ ልባቸው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ጾምና ጸሎት አበዙ፤ የመመንኮስ ሐሳብም ያዛቸው።

ከቤት መውጣት

የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። ባላቸው ለዘመቻ በሄዱበት ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ በመነኮሳት ረዳትነት ቤታቸውን ጥለው ወጡ። መልክአ ክርስቶስ ሲመለሱ ሚስታቸውን ለማስመለስ በአካባቢው ሕዝብ ላይ ክንዳቸውን አነሡ። ወለተ ጴጥሮስም ሰው በእርሳቸው ምክንያት እንዳይጎዳ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የዚያ ዘመን ባለትዳር ሴት፣ የመኳንንት ልጅ እንኳ ብትሆን፣ ብቻዋን ወስና ብቻዋን ልትከፍል እንደማትችል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛውና የመጨረሻው መለያየት ከአገሪቱ ፖለቲካ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1617 ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡት ወገን ጋር ሆነው በጦርነት ተገደሉ። በገድሉ መሠረት መልክአ ክርስቶስ በግድያው እጃቸው ነበረበት፤ የጳጳሱም ልብስ በእጃቸው ገብቶ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ሲያውቁ ጌጣቸውን አወለቁ፤ ምግብ ተዉ፤ ከእንዲህ ካለ ሰው ጋር በአንድ ቤት አልኖርም አሉ። ባልየው በመጨረሻ ለቀቋቸው። ወለተ ጴጥሮስም ወደ ዘጌ ሄደው መነኮሱ።

ብዙ ጊዜ ሲነገር የሚታለፈው ግን የመልክአ ክርስቶስ ነገር ነው። ሚስታቸው ከሄዱ በኋላ እንኳ ጠላት አልሆኑባቸውም። ንጉሡ ወለተ ጴጥሮስን ለመግደል ባሰቡ ጊዜ የለመኑላቸውና ቅጣቱን ያስለወጡት እኚሁ የቀድሞ ባላቸው እንደሆኑ ገድሉ ይናገራል።

እኅተ ክርስቶስ

እኅተ ክርስቶስም ባልና አንዲት ሴት ልጅ ትተው የመነኮሱ ሴት ነበሩ። ሁለቱን ያገናኙት አንድ መነኩሴ ናቸው። በገዳም ሥርዓት ብቻውን የሚኖር መነኩሴ ለፈተና ይጋለጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ወለተ ጴጥሮስ የምታጽናናቸውና የምታበረታታቸው ጓደኛ እንድትኖራቸው መነኩሴው መክረዋል።

ገድሉ ስለ መጀመሪያ ቀናቸው የሚሰጠው ሥዕል በግእዝ የቅዱሳን ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ነው። ገና ከሩቅ ሲተያዩ በሁለቱም ልብ ፍቅር ገባ፣ ለረጅም ጊዜ እንደተዋወቁ ሰዎች ሆኑ ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮም በመከራም በዕረፍትም ሳይለያዩ እንደ አንድ ሰው እንደኖሩ ይተርካል። መጀመሪያ የተመኙት በዱር ተሰውሮ መኖርን ነበር። መካሪያቸው የነበሩት ሊቁ አባ ፈትለ ሥላሴ ግን ተሰውሮ ከመኖር ይልቅ ሌሎችን መምራት እንደሚበልጥ ወለተ ጴጥሮስን አሳሰቡ።

ተቃውሞና ስደት

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። በ1625 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከሮም ተሾመው መጡ። ወለተ ጴጥሮስ ሕዝቡ አዲሱን እምነት እንዳይቀበል፣ በቅዳሴም የንጉሡ ስም እንዳይነሣ ያስተምሩ ስለነበር ለፍርድ ቀረቡ። በዋልድባና በፀለምት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ አስተማሩ። እንደገና ሲያዙ ሜንዴዝ ራሳቸው ሊያሳምኗቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ በሱዳን አቅጣጫ ወዳለው ቆላ፣ ወደ ዠበይ ተጋዙ፤ ሦስት ዓመትም በዚያ ቆዩ።

ስደት ተከታይ አላሳጣቸውም። እንዲያውም የመጀመሪያው ማኅበር የተጀመረው በዠበይ ነው። ከተመለሱ በኋላ በጣና ዙሪያ ስድስት ተጨማሪ ማኅበራት ተቋቁመው በጠቅላላው ሰባት ሆኑ። ወንዶችም ሴቶችም በእርሳቸው አመራር ሥር ይኖሩ ነበር፤ ይህ በዘመኑ ለአንዲት ሴት ቀላል ሥልጣን አይደለም። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመው እምነት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ የወለተ ጴጥሮስም ስደት በዚህ አበቃ።

ሞትና ከሞት በኋላ

ወለተ ጴጥሮስ ለሦስት ወራት ያህል ታመው በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. (በ1642 እ.ኤ.አ.) በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። ገድሉ የመጨረሻ ቀኖቻቸውን ሲተርክ ያሳሰባቸው አንዱ ነገር እኅተ ክርስቶስ ከእርሳቸው በኋላ እንዴት እንደሚሆኑ እንደነበረ ይገልጻል። እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን በእናትነት እየመሩ እስከ 1649 ኖሩ። ማኅበሩ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቋራጣ ርስት አግኝቶ ጸና። ቋራጣም ከጊዜ በኋላ ከንጉሥ ቁጣ የሸሹ ሰዎች የሚማጠኑበት ቦታ ሆነ።

ገድሉ

ስለ ሁለቱ ሴቶች የሚታወቀው ሁሉ ማለት ይቻላል የመጣው ከገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። መጽሐፉን በ1672፣ ማለትም ከዕረፍታቸው 30 ዓመት በኋላ፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በግእዝ ጻፈው። መረጃውን ያገኘው በማኅበሩ ውስጥ እናታቸውን ከሚያስታውሱ ሰዎች ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የግእዙን ጽሑፍ በ1912 አሳተመ፤ በ1970 ላንፍራንኮ ሪቺ ወደ ጣሊያንኛ ተረጎመው። በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ ትርጉም በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ።

በዘመናችን የተነሣው ክርክር

አዲሶቹ ተርጓሚዎች የተለያዩ የብራና ቅጂዎችን በዲጂታል ምስል አነጻጽረዋል። በክርክሩ መሐል ያለው አንድ አንቀጽ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በማኅበራቸው ያሉ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው ሲቃረቡ እንዳዩ፣ በዚህም ልባቸው ተቃጥሎ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንዲወስድ እንደለመኑ ይተርካል። ተርጓሚዎቹ ቀድሞ በታተመው ጽሑፍ ውስጥ ቦታው ተለውጧል ብለው፣ በሌሎቹ ብራናዎች ያለው ግስ የሥጋ ምኞትን ያመለክታል ሲሉ ተረጎሙት። ቤልቸር በ2016 ባወጡት ጥናትም የወለተ ጴጥሮስና የእኅተ ክርስቶስ ግንኙነት የዕድሜ ልክ አጋርነት ነው፣ በሴቶች መካከል ያለ ጥልቅ ፍቅርም ይታይበታል አሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ቤልቸር ራሳቸው ሁለቱ ሴቶች በድንግልና ሕግ የጸኑ መነኮሳት ነበሩ ይላሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የተሰራጨው ወሬ ግን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ዘሎታል።

ተቃውሞው ጠንካራ ነበር። በአውስትራሊያ የሚያስተምሩት ምሁር ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 ባሳተሙት ትችት ትርጉሙን የአፍሪካን ታሪክ በቅኝ ገዢ ዓይን እንደገና መጻፍ ነው ብለውታል። ከተቃዋሚዎቹ ነጥቦች ሁለቱ ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ፍቅር የሚለው ቃል ከመንፈሳዊ ወዳጅነት እስከ እግዚአብሔር ፍቅር ስለሚሰፋ ከቃሉ ብቻ የሥጋ ስሜት ማውጣት አይቻልም። ሁለተኛው፣ ጽሑፉን እንደ ሕያው ቅዱስ መጽሐፍ የሚጠቀምበት ባለቤት አለው፤ የአንድ ግስ አፈታት ለእርሱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሌላ በኩል፣ የሁለቱን ሴቶች ቁርኝት ተርጓሚዎቹ የፈጠሩት ነገር አይደለም። ገላውዴዎስ ራሱ ደጋግሞ ጽፎታል፤ ሳያፍርበትም ጽፎታል። ስለ ወጣቶቹ መነኮሳይያት የተነገረውና ስለ ሁለቱ እናቶች የተነገረው በገድሉ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክርክሩ ሁለቱን ሲያደባልቅ ሁለቱም ይደበዝዛሉ።

ክርክሩን ያከረረው የዛሬው ኑሮ ጭምር ነው። በብዙ አገሮች አግብተው ልጅ ከወለዱ በኋላ፣ በጎልማሳነት ወይም በእርጅና፣ ተመሳሳይ ፆታ እንደሚያፈቅሩ በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ከሃይማኖት አገልጋዮች መካከል በሰፊው የሚታወቁት አሜሪካዊው ጂን ሮቢንሰን ናቸው። በ1972 ሴት አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ፤ በ1986 ተፋቱ፤ በኋላም ከወንድ አጋር ጋር እየኖሩ በ2003 የኒው ሃምፕሸር የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነው ተመረጡ። የእርሳቸው መመረጥ የአንግሊካን ማኅበርን በዓለም ዙሪያ ከፋፍሏል። እንዲህ ባለ ሕይወት ውስጥ ለውጡ የተናጋሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም። የቀድሞ ባል ወይም ሚስት ያለፈውን ትዳር እንደገና ይመዝናሉ። ልጆች ወላጃቸውን እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ። አዲሱ አጋር ደግሞ ብዙ ዓመት ባስቆጠረ ቤተሰብ መሐል ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

ከውጭ ሲታይ የወለተ ጴጥሮስና የእኅተ ክርስቶስ መንገድ ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበት ቦታ አለው። የተተወ ትዳር አለ፤ ከእናቷ የተለየች ልጅ አለች፤ ሌላ ሴት አጠገብ የተገነባ ረጅም ኑሮ አለ። ዋናው ልዩነት ስሙን የሰጠው ሰው ላይ ነው። ሮቢንሰን ስለ ራሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ወለተ ጴጥሮስ ለወጡበት ቤት የሰጡት ምክንያት ምናኔና ሃይማኖት ነው፤ ለጓደኛቸውም የሰጡት ስም እኅት ነው። ምናኔ በዘመኑ አንዲት ሴት ትዳርን በክብር ልትለቅበት የምትችልበት ዋነኛ በር እንደነበረ ግን መዘንጋት የለበትም። ከበሩ ያለፉ ሴቶች በውስጣቸው ምን እንደያዙ ገድሉ በራሱ ቋንቋ ከነገረን ውጭ ሌላ ምስክር የለም።

በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል፤ አብዛኛው የኅብረተሰብ ክፍልም አጥብቆ ይቃወመዋል። በዚህ የተነሣ ጥያቄው በምሁራን መጽሔት ላይ ተወስኖ ሊቀር አልቻለም። ለአንዱ ወገን የቅድስቲቱ ክብር ተነክቷል፤ ለሌላው ደግሞ ስለ ራሱ በግልጽ መናገር በማይችልበት አገር ከ370 ዓመት በፊት የኖሩ ሁለት ሴቶች መጠቀሻ ሆነዋል።

መታሰቢያ

የወለተ ጴጥሮስ በዓል በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ይከበራል። ለገድሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተአምራታቸውን የሚተርክ ክፍል የተጨመረለት ሲሆን፣ ለክብራቸው የተደረሱ የመልክእ ድርሰቶችም አሉ። የእኅተ ክርስቶስ ስም በገድሉ ውስጥ ከመጀመሪያ ግንኙነታቸው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ከእርሳቸው ስም አጠገብ ይነሣል፤ የእኅተ ክርስቶስን ሴት ልጅ ግን መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አያነሣትም።