ኦቶ ባየር፤ የስፖንጅ ፍራሽ አባት

በቂርቆስ በኪራይ ክፍል የሚያድር ተማሪም ሆነ በካዛንቺስ ሆቴል ወንበር ላይ የሚያርፍ እንግዳ፤ ከበታቹ ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ከየት እንደ መጣ እምብዛም አይጠይቅም። ይህ ነገር ፖሊዩረቴን ይባላል፤ ፈልሳፊውም ጀርመናዊው ሊቅ ዶክተር ኦቶ ባየር ናቸው።

ዶክተር ባየር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ተወለዱ። በዚያው ከተማ ኬሚስትሪ ተምረው በ1924 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ በሌቨርኩዘን ያለውን ታላቅ የምርምር ክፍል እንዲመሩ ተሾሙ። ስማቸው ከባየር ኩባንያ ስም ጋር ቢገጥምም ከመሥራቾቹ ቤተ ሰብ ጋር ዝምድና አልነበራቸውም፤ ከፍ ያደረጋቸው ሥራቸው ነው።

በ1937፤ ይኸውም አገራችን በጣሊያን ወረራ መከራ ላይ ሳለች፤ ባየርና ባልደረቦቻቸው ሁለት ፈሳሾችን አዋሕዶ ጠንካራ ነገር የማድረግን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። አለቆቻቸው ግን ነገሩን ተጠራጠሩት። በ1941 በሙከራው ውስጥ እርጥበት ገብቶ አረፋ ቢነሣ፤ መርማሪዎቹ ቀዳዳ የበዛበት አይብ ነው እያሉ ተሳለቁ። ባየር ግን ከጉድለቱ ጥቅም አወጡ፤ ውሃው ጋዝ እየወለደ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ማውጣቱ የስፖንጁ መነሻ ሆነ።

ሁለቱ ፈሳሾች በቶሎ እንዲዋሐዱ ካታሊስት የሚባል አፋጣኝ በጥቂቱ ይጨመራል። ፖሊዩረቴን ለፍራሽ ብቻ ሳይሆን ለጫማ ሶል፤ ለቀለምና ለማጣበቂያም ይውላልና፤ እንደ ዕቃው ዓይነት ከቲን ወይም ከባዜቃ የተሠሩ አፋጣኞች ለብዙ ዓመታት አገለገሉ። ነገር ግን ካታሊስቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በዕቃው ውስጥ ይቀራል። ባዜቃ ነርቭን ይጎዳል፤ ዲቡቲልቲን የሚባለው የቲን ውሁድም ለጽንስ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 ጀምሮ ለሕዝብ በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ ገደብ አደረገበት። የተመራማሪዎችም ዓይን ወደ ቢስሙትና ወደ ዚንክ ዞረ። ቢስሙት ለጨጓራ መድኃኒት እስከ መሆን የደረሰ ማዕድን ነው፤ ጉድለቱ እርጥበት ሲያገኘው ኃይሉ መድከሙ ነው፤ ይህንንም ለማረም ብዙ ተደክሟል።

ዶክተር ባየር በ1982 ስላረፉ ይህን ለውጥ አላዩም። እንግዲህ የአንድ ሊቅ ሥራ በሞቱ አይፈጸምም፤ የጎደለውን የሚሞላው ተከታዩ ትውልድ ነው። ተማሪው በላቦራቶሪ፤ ወጣቱ ሹምም የዕቃ ማስገቢያ ፈቃድ ሲፈርም፤ ልስላሴውንና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ምን ተጨምሮበት እንደ ተሠራ ይጠይቅ። ቅመሙን በእጁ የሚቀላቅለው ሠራተኛ ጤና በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነውና።