አንደበታቸው የተያዘው መምህር፦ ኢማም አል-ገዛሊና የኒያ ጥያቄ

 

ሴሚስተር በተጀመረ ቁጥር ኒያችንን እናድስ እንባባላለን። በመጀመሪያው የጀመዓ ፕሮግራም ላይ የኒያ ሐዲስ ይወሳል፤ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ከዚያ አሳይመንቱ ይመጣል፣ ሚድ ይመጣል፣ ነገሩ ይረሳል። ፋይናል ሲደርስ ለምን እንደምንማር ሳይሆን ስንት እንደምናመጣ ብቻ እናስባለን። እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም ከዚህ አልወጣንም። ያለፈው እትም ሲወጣ ስንት ሰው አነበበው ብለን ተጠያየቅን እንጂ ለማን ብለን ነው የጻፍነው ብለን አልተጠያየቅንም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ያንን ጥያቄ ራሳቸውን ጠይቀው መልሱ ለሕመም የዳረጋቸውን ሰው ታሪክ ልናነሳ ወደድን።

አቡ ሐሚድ ሙሐመድ ኢብኑ ሙሐመድ አል-ገዛሊ በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን ምድር፣ ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ ከመሽሀድ ከተማ አቅራቢያ ነው። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። እርሳቸው መማር ስላልቻሉ ይቆጫቸው ነበር፤ ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ ጨምረው ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው በአደራ ሰጡ። ገንዘቧ አለቀች። ባለአደራውም የሌላቸው ሰው ስለነበሩ ልጆቹን መድረሳ እንዲገቡ መከሯቸው። መድረሳ ለተማሪ ቀለብ ይሰጥ ነበርና።

ገዛሊ በኋላ ዘመናቸው ይህን አልደበቁም። ዒልምን የጀመሩት ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዒልሙ ራሱ ግን ቀስ በቀስ ወደ አላህ እንደጎተታቸው ይናገሩ ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ትንሽ ቀለል አለን። ዲግሪውን ለሥራና ለደመወዝ ብሎ የጀመረ ተማሪ ካለ (አብዛኞቻችን እንዲያ ነን) ከእኚህ ታላቅ ዓሊም ጅማሬ ብዙ አልራቀም።

በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ጁርጃን ተጉዘው ነበር። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሽፍቶች ያዙና ያላቸውን ሁሉ ወሰዱባቸው። ገዛሊ ግን ሽፍቶቹን እየተከተሉ ሌላው ይቅር፣ ደብተሮቼን ብቻ መልሱልኝ እያሉ ለመኑ። አለቃቸው ደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ቢጠይቃቸው፣ ለመማር ብለው የተሰደዱለት ዒልም እንደሆነ ነገሩት። ሽፍታው ሳቀባቸው። ደብተር ሲወሰድበት ዒልም አልባ የሚቀር ሰው እንዴት አወቅሁ ይላል ብሎ ተሳለቀና መለሰላቸው። ገዛሊ ንግግሩን ከሽፍታ አፍ የመጣ የአላህ ምክር አድርገው ወሰዱት። ጡስ ደርሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን ሁሉ በቃላቸው ያዙ። ለፈተና ዋዜማ ብቻ የምትከፈት ሀንድአውት ያለችን ሰዎች ይህን ታሪክ ፈገግ ብለን ብቻ አናልፈውም።

ከዚያ ወደ ኒሳቡር ሄደው ኢማሙል ሐረመይን ተብለው ከሚታወቁት ከታላቁ ዓሊም አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ። ጁወይኒ በ478 ዓ.ሂ. ሲሞቱ የሰልጁቆች ኃያል ወዚር ወደነበረው ወደ ኒዛሙል ሙልክ ሰፈር አቀኑ። እዚያ ዓሊሞች ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፤ ያሸነፈ ስሙ ይገናል። ገዛሊ ያሸንፉ ነበር። በ484 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1091) ወዚሩ የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርጎ ሾማቸው። ያኔ ዕድሜያቸው 33 ገደማ ነው። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የማስተማሪያ ወንበር ማግኘት ይከብዳል።

300 ያህል ተማሪ ደርሳቸውን ይከታተል ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ የፈላስፎችን ኪታቦች ያለ አስተማሪ አነበቡ፤ ሌላ አንድ ዓመት ያነበቡትን ሲያሰላስሉ ቆዩ። አንድን ሐሳብ ከባለቤቶቹ እኩል ሳያውቁት መቃወም በጨለማ ድንጋይ እንደመወርወር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የፈላስፎችን ስሕተት የሚያሳየውን ተሃፉቱል ፈላሲፋ የጻፉት። ክብራቸው ከአሚሮች ክብር በላይ ሆነ። ኢብኑል ጀውዚ እንደዘገቡት፣ ባግዳድ ሲገቡ የለበሱትና የተቀመጡበት እንስሳ 500 ዲናር ተገምቶ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎደለው? የሚያስተምሩት ሸሪዓ ነው፤ ሐራም አልሠሩም። ግን ራሳቸውን መመርመር ያዙ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ማስተማራቸው ነውና ከእሱ ጀመሩ። የሚያስተምሩት ብዙው ነገር ለአኼራ እምብዛም የማይጠቅም ሆኖ አገኙት። ቀጥለው ኒያቸውን ተመለከቱ። ኒያቸው ለአላህ የጠራ አልነበረም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ዝናና ክብር ነበር። ይህን ራሳቸው ናቸው አል-ሙንቂዝ ሚነድ ደላል በተባለው ኪታባቸው የጻፉት፤ ማንም አልከሰሳቸውም። ሊናድ በተቃረበ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆሙ ተሰማቸው።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። እውነቱን በማወቃቸውና ወዲያው በመነሳታቸው መካከል ስድስት ወር ገደማ አለ። ከረጀብ 488 ዓ.ሂ. ጀምሮ አንድ ቀን ባግዳድን ለቅቀው ለመሄድ ይወስናሉ፣ በማግሥቱ ይተዉታል። ጧት ለአኼራ ያላቸው ፍላጎት ይበረታል፤ ማታ የዱንያ ምኞት ሠራዊቱን ይዞ ይመጣና ያፈርሰዋል። ነፍሳቸው፣ ይህ የሚያልፍ ስሜት ነው፣ ይህን የመሰለ ያልተደፈረ ወንበር ከተውከው በኋላ ቢናፍቅህ አታገኘውም ትላቸዋለች። ሰኞ ጧት ሕይወቴን እቀይራለሁ ብሎ ማክሰኞ የቀድሞው ሰው ሆኖ የተነሳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የእስልምና ማስረጃ ተብለው የተጠሩት ሰውም በፍላጎት ብቻ አልቻሉም።

በመጨረሻ ምርጫው ከእጃቸው ወጣ። አንደበታቸው ተያዘ። ተማሪዎቻቸውን ለማስደሰት ብለው አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ይታገላሉ፤ አንዲት ቃል አትወጣም። ከኀዘኑ የተነሳ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ መረቅ እንኳ አልዋጥ አለ። ሐኪሞች ሕመሙ ከልብ ተነስቶ ወደ ሰውነት የወረደ ነው፣ ጭንቀቱ ካልለቀቃቸው መድኃኒት አይሠራም ብለው ተስፋ ቆረጡ። ገዛሊም መላው የጠፋበት ሰው እንደሚማጸን አላህን ተማጸኑ። ያኔ ክብሩንና ገንዘቡን፣ ቤተሰብና ወዳጆቻቸውንም ትቶ መሄድ ለልባቸው ገራላቸው።

በዙል ቀዕዳ 488 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1095) ለቤተሰባቸው ቀለብ የሚበቃውን ብቻ አስቀርተው ገንዘባቸውን አከፋፈሉና ወጡ። ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው እንዳይከለክሏቸው ወደ መካ እሄዳለሁ አሉ፤ በልባቸው ያሰቡት ግን ሻም ነበር። የኢራቅ ሰዎች ግራ ተጋቡ። ያ ወንበር የዲን ከፍተኛው ደረጃ ነው ብለው ስለሚያስቡ፣ ሰው ለዲኑ ሲል ይተወዋል ብሎ የገመተ አልነበረም። ከሩቅ ያለው ባለሥልጣናት ገፍተዋቸው ይሆናል አለ። የዛሬ ተመራማሪዎችም ፖለቲካውን ያነሳሉ፤ ወዚሩ ኒዛሙል ሙልክ በ485 ዓ.ሂ. ተገድሎ ነበርና። ፍርሃት ጨርሶ አልነበረበትም ብለን አንከራከርም። ነገር ግን ሰው ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ኒያዬ የተበላሸ ነበር ብሎ በራሱ ላይ መጻፍ አያስፈልገውም።

በደማስቆ በኡመያድ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው ይውሉ ነበር። ከዚያ ወደ በይተል መቅዲስ፣ ቀጥሎም ወደ ኸሊል ተጓዙ። በነቢዩ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) መቃብር ዘንድ ሦስት ነገር ለራሳቸው ቃል ገቡ፦ ከሡልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ወደ ሡልጣን ደጅ ላይሄዱ፣ ለማሸነፍ ላይከራከሩ። ቃሎቹን ልብ ብለን ብናይ ሦስቱም የታመሙባቸውን ቦታዎች የሚነኩ ናቸው። ጥሩ ሰው እሆናለሁ ዓይነት ጠቅላላ ውሳኔ አይደለም። ሐጅ አድርገው፣ ልጆቻቸው ስለናፈቋቸውና ስለጠሯቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ኢሕያእ ዑሉሚድ ዲን የተጻፈው በእነዚህ ዓመታት ነው። 40 ኪታቦችን የያዘ ሥራ ሲሆን 37ኛው ስለ ኒያ፣ ስለ ኢኽላስና ስለ እውነተኝነት ነው። እዚያ ያሉት አንድ ነገር ለእኛ አዲስ ሆኖብናል። ኒያ ማለት በልብ ነየትኩ ብሎ ማሰብ አይደለም ይላሉ። የጠገበ ሰው ምግብ ለመራብ ነየትኩ ቢል አይርበውም፤ ኒያም የልብ ዝንባሌ ስለሆነ በትእዛዝ አይመጣም። የሚመጣው አስቀድሞ እምነትን በማጠንከር፣ የሥራውን ጥቅም ደጋግሞ ለልብ በማሳየት ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ የምናድሰው ኒያ ለምን በሦስተኛው ሳምንት እንደሚጠፋ አሁን ገባን፤ የምናድሰው ቃሉን ነበር።

ቀጥሎ ባለው ኪታብ ነፍስን ከንግድ ሸሪክ ጋር ያመሳስሏታል። ነጋዴ ሸሪኩን አምኖ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ይዋዋላል፣ ሲሠራ ይከታተላል፣ በመጨረሻ ይተሳሰባል። እንዲሁ ከሱብሒ በኋላ ከነፍስ ጋር ውል ማሰር፣ ቀን መከታተል፣ ማታ መተሳሰብ ያስፈልጋል። በእኛ ዶርም አንዳንዶች ሞክረነዋል። ውሉ ቀላል ነው፤ የማታው ሒሳብ ነው የሚከብደው።

እርግጥ ኢሕያእን ኡለማዎች ተችተውታል። በተለይ ደካማ ሐዲሶች አሉበት ስለተባለ ኢማም አል-ዒራቂ ሐዲሶቹን አጣርተው ደረጃቸውን አስቀምጠዋል። ስናነበው ይህን ማጣሪያ ይዘን ብናነብ ጥሩ ነው። የገዛሊ አሻራ በአገራችን ደረሳ ዘንድም አለ። በወሎ መስጂዶች የሚቀራው ሚንሃጅ፣ ነወዊ ከራፊዒይ ሙሐረር ያሳጠሩት ነው፤ ራፊዒይ ደግሞ የገዛሊን ወጂዝ በሰፊው የተነተኑ ዓሊም ናቸው።

ታሪኩ ግን ኸልዋ በመግባት አላለቀም። ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፈኽሩል ሙልክ በኒሳቡሩ ኒዛሚያ እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። ገዛሊ እንደገና ራሳቸውን መረመሩ፤ አሁን ግን የመረመሩት ኸልዋውን ነበር። ብቻዬን የምቀመጠው ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ስንፍናና ምቾት ይዞኝ፣ ከሰው ችግር ለመዳንስ ይሆን ብለው ጠየቁ። ያኔ ማስተማሩ የነፍስ መደበቂያ ነበር፤ አሁን ዝምታው መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል አዩ። መልካም ሰዎችን አማከሩ፣ ሁሉም ውጡ አሏቸው። በዙል ቀዕዳ 499 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1106) ወደ ማስተማር ተመለሱ። እርሳቸው ግን መመለስ አይሉትም። ድሮ ክብር የሚገኝበትን ዒልም ወደ ክብር እየጠሩ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን ክብር የሚተውበትን ያስተምራሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ያው መምህር፣ ያው ወንበር ነው።

ለውጡን ያላመነ ሰው ነበር። የኒሳቡሩ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ ገዛሊን በፊት ያውቋቸዋል፤ ሰውን ሲንቁ፣ በንግግር ችሎታቸው ሲኩራሩ አይተዋል። አዲሱን ትሕትና ማስመሰል ነው ብለው ጠርጥረው ደጋግመው ጎበኟቸው። ቆይተው፣ መርምረው፣ ነገሩ እንደጠረጠሩት እንዳልሆነ መሰከሩ። አንድ ሰው ተለወጥኩ ሲል ወዲያው የማናምን ከሆነ ፋሪሲም አላመኑም፤ እርሳቸው ግን ሄደው አይተዋል።

ገዛሊ በኋላ ወደ ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ መድረሳና የሱፊዎች ማረፊያ ሠሩ። ጊዜያቸውን ለቁርኣን ንባብ፣ ከደጋግ ሰዎች ጋር ለመቀመጥና ለማስተማር ከፋፈሉት። ለቀድሞ ተማሪያቸው በጻፉት አዩሃል ወለድ በተባለው ደብዳቤ፣ እንቅልፍ አጥቶ ያጠናባቸው ሌሊቶች ለምን እንደነበሩ ይጠይቁታል። በመጨረሻ ዕድሜያቸው እንደ ጀማሪ ደረሳ ወደ ሐዲስ ተመለሱ፤ ቡኻሪንና ሙስሊምን ይዘው ተቀመጡ።

ሰኞ ጁማደል ኣኺር 14 ቀን 505 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1111) ወንድማቸው አሕመድ እንዳወሩት፣ በሱብሒ ሰዓት ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ከፈናቸውን አስመጡና ሳሙት፣ በዓይናቸው ላይ አደረጉት፣ ወደ ቂብላ ዞረው እግራቸውን ዘረጉ። ፀሐይ ሳይወጣ ሞቱ። ሴት ልጆች ብቻ ነበር የተዉት። የጀመሩት የሐዲስ ትምህርት አላለቀም ነበር።